ባልቻ፣ ክፍል ሁለት

ማናህሎሽ ባሏ ጥሏት ሲሄድ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም ብለው የሚያወሩ አሉ። ውሸት ነው፤ አልቅሳለች። ያለቀሰችው ግን የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ውስጥ በምሳ ሰዓት የምታለቅስ ባለ ምግብ ቤት ደንበኛ አይበረክትላትም።

ሰውየው ባልቻ ይባላል። ሁለቱም የደብረ ብርሃን ልጆች ናቸው። ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣች ማግስት፣ ጁባ ላይ ምስማር ይዞ የገባ ሁሉ ሀብታም ይሆናል ሲባል ሰምተው መጡ። ምስማር አልያዙም፤ የያዙት ድስት ነበር። አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ተከራዩና ፊቱን አረንጓዴ ቀቡት። እሷ ወጥ ቤት ገባች፤ እሱ ደጃፉ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። ሥራው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ በውል የሚያውቅ የለም። ራሱ ሲጠየቅ «አስተዳደር» ይል ነበር።

አስተዳደሩ ሲሰለቸው ነጋዴ ልሁን አለ። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ድንበሩ አጠገብ ባለችው ሬንክ ከተማ ስኳር ወርቅ ሆኗል የሚል ወሬ ከየት እንደሆነ እንጃ ሰማ። ከጁባ ወደብ ናይልን ተከትሎ ወደ ሰሜን በሚሄድ የጭነት ጀልባ ላይ ስኳሩን አስጭኖ፣ ከላዩ ራሱ ተጭኖ ሄደ። «በዚችው ጀልባ እመለሳለሁ» አላት።

ጀልባዋ ተመለሰች። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ሄዳ ብዙ ጊዜ ተመለሰች። የባልቻ ስልክ መጀመሪያ ይጠራል አይነሳም፤ ቀጥሎ መጥራቱንም ተወ፤ በመጨረሻ አንዲት ሴት በአረብኛ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ እንዳልሆነ መናገር ጀመረች። ማናህሎሽ ያቺን ሴትዮ ሳይቀር ጠርጥራ ነበር።

ፊልሙ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

እሁድ ከሰዓት ሃይ ማላካል ይተኛል። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፣ ይበላል፣ ሙቀቱን ሸሽቶ ይጋደማል። የኳስ ውድድር ሲዘጋ ደግሞ የማናህሎሽን ቴሌቪዥን የሚያየው ዝንብ ብቻ ነው። ጎረቤቷ ስልክ ጠጋኙ ሱሌይማን ይህን አይቶ አንድ ፍላሽ አመጣላት። «ካርቱን ነው፤ ሰው ይስቃል» አላት። ቋንቋው ሩሲያኛ ይሁን ቱርክኛ እሱም አያውቅም።

እኛ እዚያው ነበርን። ወደቡ ላይ ጭነት የሚያራግፉ ሰዎች ነበሩ፣ ጥቂት የቢሮ ኢትዮጵያውያን ነበርን፣ ጋምቤላ ያደጉ የአገሩ ልጆችም ነበሩ። ከነሱ አንዱ ጋትሉዋክ ነው። ዱቄት ሲያራግፍ ይውልና ፊቱ እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ አማርኛው ከብዙዎቻችን የጠራ ነው።

ፊልሙ ሲጀምር በረዶ ነው። በረዶው ላይ ወፍራም፣ ጢማም፣ ሁለት ጥርሶቹ እስከ ደረቱ የወረዱ እንስሳ ተጋድሟል። እንዲህ ያለ ፍጥረት ማናችንም አይተን አናውቅም። ዋልረስ እንደሚባል የሰማነው ብዙ ቆይተን ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ጋትሉዋክ።

«ጉማሬ» አለች ማናህሎሽ ከባንኮኒው ኋላ፣ ብርጭቆ እያጠበች።

«እትዬ ማና፣ ግርንቲ እኔ አውቃለሁ» አላት። ጁባ ላይ ጉማሬን ግርንቲ ነው የሚሉት። «ባሮ ላይ አብረን ነው ያደግነው። ይሄ ግርንቲ አይደለም።»

«ግርንቲ ታ ከዋጃ ነው» አለችው፤ የፈረንጅ ጉማሬ መሆኑ ነው። «ብርዱ ነው ያሳጠረው።»

ጋትሉዋክ ጥቂት አሰበና ተቀበለ።

እንስሳው ሚስቱን በጢሙ ሳማት፣ ግልገሉን ሳመ፣ አንድ ነገር ተናገረና ባሕር ውስጥ ገባ። ሚስቱ በረዶው ጫፍ ላይ ቆማ ቀረች። ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ጋ «ምን አላት?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ማናህሎሽ ብርጭቆውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጥታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች።

«'በዚችው ውኃ እመለሳለሁ' አላት» አለች። «ውሸቱን ነው። ባልቻ ይባላል።»

ባልቻን የማያውቅ አልነበረም፤ ደጃፉ ላይ ሲያስተዳድር አይተነዋል። መጀመሪያ የሳቀችው ወደቡ ላይ ሻይ የምትሸጠው ዓሊማ ናት። እሷ ከሳቀች በኋላ የቀረነው ፈቃድ ያገኘን መሰለን።

ከዚያ ወዲያ ማናህሎሽ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተናገረችው። ባልቻ በማዕበል ሲንገላታ «ይበለው» አለች። ከበረዶ ሥር ተቀብሮ ሲያቃስት «አስተዳደር ላይ ነው» አለች። ጥርስ የሌላት፣ ቀጠን ያለች የባሕር እንስሳ ከበረዶው ጎትታ ስታወጣው፣ «ይቺ ደግሞ ቀጭኗ ናት» ብላ ሁላችንንም በየተራ አየችን። በመጨረሻ ባልቻ አፉ ሙሉ ዓሣ ይዞ ተመለሰ፤ ቫዮሊኑ አለቀሰ፤ ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ልታንቀው ነው» አለች ማናህሎሽ፣ እና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

በሚቀጥለው እሁድ ሰው ያንኑ ፊልም ይታይልን አለ። በሦስተኛው እሁድ መቆሚያ ጠፋ። ጎረቤት ያለው ቸርች አዲስ ማይክ ሲገዛ አሮጌውን ለሷ ሸጠላት፤ ማይኩ በየመሐሉ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ የለመደበት ነገር ይሆናል። ብዙ ሳይቆይ ሃይ ማላካል ውስጥ ቃሉን የማያከብር ወንድ ሁሉ «ባልቻ» መባል ጀመረ። ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ሲቀጥሩት ካልመጣ ባልቻ ነው። ፓስተሩ ስብከት አስረዝሞ «ልጨርስ ነው» ሲል ከኋላ «ባልቻ» የሚል ሰው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ አላየሁም።

የተቃወመችው ራሄል ብቻ ናት። ራሄል አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ፣ እንግሊዝኛዋ ውኃ የሆነ፣ እውነት የምትወድ ልጅ ናት። የፊልሙን እንግሊዝኛ ፈልጋ አግኝታ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ አይታው መጣች።

«እትዬ ማና፣ ሰውየው እኮ ጥሩ አባት ነው» አለቻት። «ልጁ ተርቦበት ዓሣ ፍለጋ ነው የሄደው። ያቺ ቀጭኗም ውሽማው አይደለችም፤ ነፍሱን ያዳነችው ናት።»

«እሱ ነው እንዲህ ብሎ የነገረሽ?»

«ፊልሙ ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ የሄደ ወንድ ሁሉ ዓሣ ፍለጋ ነው የሚሄደው» አለቻትና ወጧን ልታማስል ገባች።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሱሌይማን አንድ ቀን ፍላሹን እንደ ሎተሪ ከፍ አድርጎ ይዞ መጣ። ክፍል ሁለት ወጥቷል። ይሄኛው እንግሊዝኛ ነው፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ማናህሎሽ ደጃፍ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከቀይ ወጡና ከጥብሱ በላይ በትልቁ ጻፈችው፦ «እሁድ 9 ሰዓት፣ ባልቻ ክፍል ሁለት»።

ሐሙስ ዕለት ዋናው ባልቻ መጣ።

ወደቡ ላይ ከጀልባ ሲወርድ መጀመሪያ ያየው ጋትሉዋክ ነው። አንድ ፌስታል ይዟል፣ ጢሙን አሳድጓል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ሆዱ እንዳለ ነው። «ሁለቱ ጥርስ ብቻ ነው የጎደለው» ብሎ ማለልን። ባልቻ ቦዳቦዳ ያዘና «ሃይ ማላካል፣ የማናህሎሽ ቤት» አለ። ነጂው ማን መጣ ልበላት ብሎ ይሁን ለጨዋታ ስሙን ጠየቀው። ሲነግረው ሞተሩን አቁሞ ሳቀ። መንገዱን ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ «ባልቻን ጭኛለሁ» እያለ ነው የወሰደው። ባልቻ አገር ምድሩ እንዲህ በደስታ ይቀበለኛል ብሎ አልጠበቀም። ደጃፉ ደርሶ ሰሌዳውን ሲያነብ ግን ቆመ። እንደሚመጣ ማን እንደነገራት፣ እሁድ በዘጠኝ ሰዓትስ ምን ልታደርገው እንዳሰበች ሊገባው አልቻለም።

ማናህሎሽ ሥጋ እየከተፈች ነበር።

«መጣሁ» አላት።

«አየሁ» አለችው። ቢላዋውን አላቆመችም። «በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ቁጭ በል።»

እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጥግ ተቀምጦ በላ። ሰላም አላለችውም፤ አልሰደበችውምም። ሲጎርስ ጋትሉዋክ ከጎኑ ተቀምጦ በትሕትና፣ ምንም ሳያስቀር፣ ስለ ጉማሬው ነገረው። ባልቻ ጉርሻው አነቀው። ተነስቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ስሜን ለእንስሳ ሰጠሽው?»

«ስምህ እዚህ ቀርቶ ነበር» አለችው። «ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ብዬ ነው።»

የሚያድርበት አልሰጠችውም። ኒምራ ታላታ የሚባል ሰፈር የሚኖር ዘመዱ ጋ ሄደ። እሁድ ግን መጣ። ይመጣል አይመጣም ብለን ስንከራከር በዘጠኝ ሰዓት ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሸሚዝ ተውሶ፣ ደጃፉ ላይ ተገኘ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ማራገቢያው ሥር ያለውን ወንበር ለቀቁለት፤ ከዚያ ፊቱ ለሁሉም ይታያል።

ፊልሙ ጀመረ። ምስሉ በእውነት ያምራል፤ ጋትሉዋክ ባሕሩን አይቶ እግሩን ሰበሰበ። ግን ጥቂት ቆይቶ ነገሩ አላምር አለ። በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ የነበረው በረዶ፣ ባል፣ ሚስትና መለየት ነው፤ ሌላ ምንም የለም። በዚህኛው ያልገባ ነገር አልነበረም። መርከብ አለ፤ ጠቢብ ኤሊ አለ፤ ሱፍ የለበሱ ዳክዬዎች አሉ፤ እነሱ በየአምስት ደቂቃው ይዘፍናሉ። ባልቻም ተለውጧል። ቀድሞ ይርበው፣ ይፈራ፣ ይወድቅ ነበር። አሁን የእንስሳቱ አለቃ ሆኖ ምክር ይሰጣል።

ማናህሎሽም ማናህሎሽ አልሆነችም። ሰውየው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ምላሷ ተሳሰረ። ራሄል ከጎኗ ቆማ እንግሊዝኛውን እያንሾካሾከች ትነግራታለች፤ እሷ እንደ ዜና አንባቢ ታስተላልፋለች። «ወገኖቹን በአንድነት እንዲሠሩ ይመክራቸዋል።» «ዳክዬዎቹ በሐሳቡ ይስማማሉ።»

ወንበር መንቋቋት ጀመረ። ቢራ የሚያዝ ጠፋ።

«የመጀመሪያው ይሻላል» አለ አንዱ።

«ይሄ ወርክሾፕ ነው» አለ ሌላው።

ጋትሉዋክ እጁን አወጣ። «እትዬ ማና፣ ይቅርታ። ይሄ ባልቻ የኛ ባልቻ አይደለም።»

በዚህ መሐል ዋልረሱ ትልቅ የበረዶ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ለእንስሳቱ ሁሉ ንግግር ጀመረ። ረጅም ነው። ራሄል አንሾካሾከች፦ «እውነተኛ አባት ቤተሰቡን ጥሎ አይሄድም፤ ኃላፊነት ማለት...»

ማናህሎሽ ማይኩን ከአፏ አንስታ አየችው።

«ይሄን እኔ አልልም» አለች። «ራሱ ይበለው።»

ሄዳ ለባልቻ ሰጠችው። ባልቻ ማይኩን የጋለ ድስት እንደያዘ ሰው ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አገላበጠው። ማይኩ ጮኸ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዋልረሱ ግንባሩን አኮሳትሮ ይናገራል።

«ወገኖቼ» አለ ባልቻ፣ ሌላ ቃል ቢያጣ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጋትሉዋክ ተነስቶ ጎንበስ አለለት። «ጋሽ ባልቻ፣ እርስዎን አይደለም የምጠይቀው፤ ጉማሬውን ነው» አለና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። «አንተ ጉማሬ፣ የት ነበርክ?»

ባልቻ ወደ ማናህሎሽ አየ። እሷ ባንኮኒውን ተደግፋ ክንዷን አጣምራለች።

«ሬንክ» አለ በማይኩ። «ስኳር ጭኜ ነበር። መንገድ ላይ ዝናብ መጣ። ሸራው ቀዳዳ ነው።»

«ስኳሩስ?»

«ዓሣ ጠጣው።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ዳክዬዎቹ አጨበጨቡ።

«ስልክ አልነበረም?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ነበር። ምን ብዬ ልደውል? ዳቦ ቤት ገብቼ ሊጥ ሳቦካ ነበር። ትንሽ ነገር ይዤ ልደውል፣ ነገ ልደውል፣ ከነገ ወዲያ ስል...» ማይኩን ከአፉ አራቀና መልሶ አቀረበው። «እፍረት እንደ ሊጥ ነው። ባቆየኸው ቁጥር ይነፋል።»

ይሄን ሲል የሳቀ የለም። ጋትሉዋክም ተቀመጠ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባልቻ በሰላም ወደ ወንበሩ ይመለስ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዶቻችን አዝነንለት ነበር። ግን ዓሊማ አለች። ዓሊማ ወደብ ላይ ሻይ እየሸጠች ዕድሜዋን የጨረሰች፣ የሄደና የመጣ ወንድ ሁሉ በፊቷ ያለፈ ሴት ናት።

«ቀጭኗስ?» አለችው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ዘፈን ተጀመረ። ባልቻ ወደ ቆርቆሮው ቀና አለ፣ ወደ ማራገቢያው አየ።

«ቀጭን አልነበረችም» አለ።

ማናህሎሽ ቀጭኗን ከየት እንዳመጣቻት ሁላችንም እናውቃለን፤ ፊልሙ ላይ አንዲት ቀጭን እንስሳ ስለነበረች ብቻ ነው። ሰውየውን ለመስደብ የፈጠረችው ነገር ነው። እውነት ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ ወይም አስባ እንዳይሆን ስትፈልግ ነበር። አሁን ክንዷን ፈታች፤ በጠረጴዛዎቹ መሐል ቀስ ብላ መጣች። ልትመታው ነው ብለን ብርጭቆዎቻችንን ያዝን። ማይኩን ከእጁ ወሰደች።

በዚያው ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ላይ ባሕሩ ለሁለት ተከፈለና ቤት የሚያህል ዓሣ ነባሪ ብቅ አለች፤ ዐይኗን አስለመለመችና ለዋልረሱ ፈገግ አለችለት።

«ይቺውላችሁ መጣች» አለች ማናህሎሽ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳየን እንጃ። ጋትሉዋክ ወንበሩ ሥር ነው የተገኘው። ራሄል እውነት ወዳዷ ባንኮኒውን ይዛ እንባዋን ትጠርግ ነበር። ማናህሎሽ ቀሪውን ፊልም ያለ ምንም ምሕረት ተናገረችው። ዳክዬዎቹ የድርጅት ሠራተኞች ሆኑ፣ ጠቢቡ ኤሊ ለሽምግልና ተልኮ የመጣ የባልቻ አጎት ሆነ፣ ዓሣ ነባሪዋ ደግሞ ባልቻን በቁርስ፣ በምሳና በእራት ፈጀችው። ባልቻ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ ነው ብለን ነበር፤ እየሳቀ ነው።

ሰው ከወጣ በኋላ ገና ፀሐይ ነበር። የቀረነው ብርጭቆ ስንሰበስብ የነበርን ሁለት ሦስት ሰዎች ነን። ማናህሎሽ ጓሮ ባለው የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች፤ ሳቋ ከፊቷ ጠፍቷል። ባልቻ በሩ ላይ ቆመ።

«አሁንም አለች?» አለችው።

«የለችም። ትታኝ ሄደች።»

«ብልህ ናት።»

«ናት» አለ።

ከዚያ ባልቻ የመጀመሪያውን ማየት እፈልጋለሁ አላት፤ ስሙ የተነሳበትን። ሱሌይማን ፍላሹን ከፈተለት። ብቻውን ፊት ለፊት ተቀምጦ አየው። ማናህሎሽ ማይክ ሳትይዝ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ድስት እየፈተገች፣ ለሱ ብቻ ተናገረችለት። «ይበለው» የሚለውን አልቀነሰችም። «አስተዳደር» የሚለው ጋ ሲደርስ ጮክ ብሎ ሳቀ። ሚስትየዋ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም ማናህሎሽ «ልታንቀው ነው» አለች፤ ቴሌቪዥኑን ግን አላጠፋችውም፤ እጇ ድስት ላይ ነበር።

«የመጀመሪያው ይሻላል» አላት።

«ለምን?»

«በዚህኛው ሚስቱ ትጠብቀዋለች።»

«ፊልም ነው» አለችው ማናህሎሽ።

ራሄልም የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ናት፤ የሷ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሠሩት ሰዎች የመጀመሪያው ለምን እንደተወደደ ሳይገባቸው፣ ብዙ ብር አግኝተው ብዙ ዳክዬ ገዙበት ትላለች። ወደቡ ላይ ብትጠይቁ ደግሞ ሁለተኛው ነው የሚበልጠው፤ ሆኖም እነሱ የሚያወሩት ስለ ቴሌቪዥኑ አይደለም። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም፤ አንድ ጊዜ እስከ ቡጢም ደርሷል።

ባልቻ ወደ ማናህሎሽ ጓዳ አልተመለሰም። አሁንም ኒምራ ታላታ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይመጣል፤ ወንበሩ ከደጃፉ ተነስቷል፤ በጓሮ በር ነው የሚገባው። ታዋቂነቱ ግን አልከፋውም። የቦዳቦዳ ነጂዎች «ባልቻ ግርንቲ» ሲሉት እንደ ሚኒስትር እጁን ያነሳል። አንዳንድ እሁድ ማይኩን ለትንሽ ጊዜ ትሰጠዋለች። ያኔ ንግግር ያበዛል፤ ሬንክ ላይ ያልሆነውን ሁሉ እንደሆነ አድርጎ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ገመዱን ትነቅልበታለች።

ባለፈው ሳምንት ራሄል ምሳ ልትበላ መጥታ፣ ባልቻን ጓሮ ካለው ሳፋ ፊት እጅጌውን ሰብስቦ አየችውና ወደ ማናህሎሽ ተጠጋች።

«እትዬ ማና፣ ታረቃችሁ እንዴ?»

ማናህሎሽ ዞር ብላ ሰውየውን አየችው።

«ሽንኩርት ይልጣል» አለቻት።